ዶክተር መላኩ በያን፤ በዚህ ሰፈር ከእኛ አስቀድሞ የነበሩ

በዚህ መጽሔታችን በየሩብ ዓመቱ የአንድ ቅዱስ አባት ወይም የአንዲት ቅድስት እናት ታሪክ ማቅረብ የቆየ ልማዳችን ነው። በዚህ እትም ግን ገድል ያልተጻፈላቸውን፣ ማዕረገ ክህነትም ያልነበራቸውን አንድ ኢትዮጵያዊ ለማውሳት ወደድን። ምክንያታችን ሩቅ አይደለም። ከዘጠነኛው መንገድና ከዩ ስትሪት መገናኛ ተነሥቶ በጆርጂያ ጎዳና ሽቅብ ለሚወጣ ሰው ብዙም ሳይራመድ የሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕንፃዎች ይታዩታል። ከመካከላችን ብዙዎቻችን ታክሲ ስንነዳ፣ ከሌሊት ሥራ ስንወጣ፣ ለቅዳሴም ስንገሠግሥ በዚያ ደጃፍ አልፈናል። ልጆቻችን ተምረውበታል፤ ሕሙማኖቻችንን በሆስፒታሉ ጠይቀናል። ዶክተር መላኩ በያን ሕክምናን የተማሩት እዚሁ ነው። ይህን ሰፈር የኢትዮጵያውያን ሰፈር ያደረግነው እኛ እንደ ሆንን ስንነጋገር እንሰማለን፤ ምግብ ቤቱም ሱቁም በብዛት የተከፈተው በዘጠናዎቹ ዓመታትና ከዚያ ወዲህ ነውና። እርሳቸው ግን ስድሳ ዓመት ያህል ቀድመውን በዚህ መንገድ ተመላልሰዋል፤ እኛ ገና ያልጨረስነውንም ሥራ ጀምረው ነበር። (ዓመታቱን በአውሮፓ አቆጣጠር እናስቀምጣለን፤ የአገራችንን አቆጣጠር ስንጠቅስ ዓ.ም. እንጨምራለን።)

መላኩ በ1900 በወሎ ተወለዱ፤ ያደጉት ግን ሐረር በራስ መኰንን ግቢ ነው። በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ለነገሡት ለተፈሪ መኰንን የሥጋ ዘመድ ሲሆኑ በአገልጋይነትም ከልጅነት ጀምሮ አብረዋቸው ነበሩ። አልጋ ወራሹ ወጣቶችን ወደ ውጭ እየላኩ ማስተማር በጀመሩ ጊዜ መላኩ በ1921 ወደ ሕንድ ተላኩ። እዚያ ብዙ አልቆዩም፤ በማግሥቱ ዓመት ወደ አሜሪካ ተሻገሩ። ዋሽንግተን እንደ ደረሱ ከጓደኞቻቸው ጋር በፕሬዚዳንት ሃርዲንግ ፊት ቀረቡ፤ ከዚያም በፕሬዚዳንቱ የትውልድ አገር በኦሃዮ ክፍለ ሀገር፣ መስኪንገም በሚባል የፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ኮሌጅ ገቡ። በ1928 ከኮሌጅ ተመረቁ። በዘመኑ ከአሜሪካ ኮሌጅ የተመረቀ ኢትዮጵያዊ በጣት የሚቆጠር እንኳ አልነበረም።

ምርጫቸውን የምናየው ከዚህ በኋላ ነው። በኦሃዮ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ ትምህርታቸውን ጀምረው ነበር፤ የቤተ መንግሥት ሰው፣ የንጉሥ ዘመድ ስለ ነበሩም ከነጮቹ ጋር በእንግድነት ክብር መኖር አያቅታቸውም ነበር። የውጭ አገር ጥቁር፣ ይልቁንም መሳፍንት ከሆነ፣ አንዳንድ ጊዜ የአገሩ ተወላጅ ጥቁር ለማይገባበት በር የይለፍ ፈቃድ ያገኝ ነበርና። መላኩ ይህን ዓይነት ክብር አልፈለጉትም። በ1929 ትምህርታቸውን ወደ ሐዋርድ አዛወሩ፤ ምክንያታቸውም ከጥቁር አሜሪካውያን ጋር ለመኖርና እነርሱን ለማወቅ መፈለጋቸው ነበር።

ሐዋርድ ባሮች ነጻ በወጡ በሁለተኛው ዓመት፣ በ1867 የተመሠረተ ትምህርት ቤት ነው። የሕክምና ተማሪዎቹ የሚለማመዱበት ፍሪድመንስ ሆስፒታል ደግሞ ከዚያም በፊት፣ በ1862፣ ከባርነት አምልጠው ወደ ዋሽንግተን የሚጐርፉትን ሰዎች ለማከም የተቋቋመ ነበር። እንግዲህ መላኩ የመጀመሪያዎቹን ሕሙማን የዳሰሱት ለስደተኛና ለድኻ በተሠራ ቤት ውስጥ ነው። ይህን ስንጽፍ ልባችን ወደ ብዙ ነገር ይሄዳል። ከመካከላችን ኢንሹራንስ ሳይኖረው በዚህ ከተማ ታሞ የማያውቅ ማን አለ?

የዚያን ጊዜው ዩ ስትሪት ደግሞ ዛሬ እንደምናየው አልነበረም። በዋሽንግተን መሐል ከተማ ያሉት ምግብ ቤቶችና ቲያትሮች ለጥቁር ሰው የተዘጉ ስለ ነበሩ ሕዝቡ የራሱን ከተማ በዚህ ጎዳና ላይ ሠራ። በ1903 የተሠራው የትሩ ሪፎርመር ሕንፃ፣ በ1912 በአሥራ ሁለተኛው መንገድ የተፈጸመው የጥቁሮች የወጣቶች ክርስቲያናዊ ማኅበር ቤት፣ በ1922 የተከፈተው ሊንከን ቲያትር ሁሉም እስከ ዛሬ ቆመዋል። ሐኪሙ፣ ጠበቃው፣ ነጋዴው፣ ሰባኪው፣ ሙዚቀኛው ሁሉ በዚህ ይገናኝ ነበር። ከቤተ ክርስቲያኖቻቸውም ስለ ኢትዮጵያ ያልተሰበከበት ጥቂት ነው። በመዝሙረ ዳዊት በ67ኛው መዝሙር ስለ ኢትዮጵያ እጆች የተነገረውን ቃል ባሮች ሳሉ ጀምሮ የተስፋቸው ስንቅ አድርገውት ኖረዋል። አገራችንን በካርታ ላይ አይተዋት የማያውቁ ሰዎች በጸሎታቸው ያነሷት ነበር። መላኩ ወደዚህ ሕዝብ መካከል ሲገቡ በሥጋ እንግዳ ቢሆኑም በስም የተጠበቁ ሰው ነበሩ።

እዚህ ላይ ልናስተውለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። በዚያ ዘመን የእናት ቤተ ክርስቲያናችን ደብር በዚህ አገር አልተተከለም ነበር፤ በኒውዮርክ የመጀመሪያው የተቋቋመው በ1959 ነው። ስለዚህ መላኩ በዋሽንግተን ሲኖሩ በቋንቋቸው የሚቀደስበት ቤተ መቅደስ፣ የሚናዘዙበት የንስሐ አባት፣ በበዓል የሚሰበሰቡበት ማኅበር በአጠገባቸው አልነበረም። እኛ ዛሬ በሲልቨር ስፕሪንግም በአሌክሳንድሪያም ደብር መርጠን እንሳለማለን። እርሳቸው ከሃይማኖት ትእዛዛት መካከል በማንኛውም ስፍራ፣ ያለ ቤተ መቅደስም ቢሆን ሊፈጸም የሚችለው ቀርቶላቸው ነበር፤ እርሱም ባልንጀራን መውደድ ነው። ባልንጀራ ማን እንደ ሆነ ጌታችን የተጠየቀው ጥያቄ ደግሞ በዚያን ጊዜ ለኢትዮጵያዊ ቀላል ጥያቄ አልነበረም።

ቀላል ያልነበረበትን ምክንያት ሳንሸፍን እንናገር። ከመኳንንቶቻችንና ከተማሪዎቻችን መካከል እኛ ጥቁሮች አይደለንም፣ ከባሪያ ልጅ ጋር አንቆጠርም የሚሉ ነበሩ። ይህ ወሬ በ1930ዎቹ በአሜሪካ ጋዜጦች ተጽፎ ጥቁር አሜሪካውያንን እጅግ አሳዝኗል፤ ጣሊያንም ሆኑ ሌሎች የአገራችን ጠላቶች ተጠቅመውበታል። ይህ አሳብ ከእኛ መካከል ፈጽሞ ጠፍቷል ለማለት አንደፍርም። በቡና ላይ የምንናገረውን፣ ልጆቻችንን ከማን ጋር እንዳይውሉ እንደምንመክር እናውቃለን። መላኩ ይህን ንግግር በአደባባይ ተቃወሙ፤ ኢትዮጵያዊና ጥቁር አሜሪካዊ የአንድ ዘር ሰዎች መሆናቸውን በሄዱበት ሁሉ አስተማሩ።

በቃል ብቻም አልቀረም። በአገር ቤት ከትልቅ ቤተ ሰብ ጋር የተጀመረ እጮኛነት ነበራቸው። እርሱን ትተው በ1931 በሐዋርድ ትሠራ የነበረችውን ጥቁር አሜሪካዊት ዶሮቲ ሃድሊን አገቡ። ለቤተ መንግሥት ቅርብ የሆነ ሰው ጋብቻ የራሱ ጉዳይ ብቻ በማይሆንበት ዘመን ይህ ምን ያህል ድፍረት እንደ ነበረ አንባቢ ይገምተው። ወይዘሮ ዶሮቲም ከዚያ በኋላ በባልዋ ሥራ ሁሉ ተካፋይ ሆነች፤ እስከ ኢትዮጵያ ድረስም ተከተለቻቸው።

በሐዋርድ የታሪክ መምህር የነበሩት ዊልያም ሊዮ ሃንስቤሪ የመላኩ የቅርብ ወዳጅ ነበሩ። ሃንስቤሪ የአፍሪካ ታሪክ መማር የሚገባው ታሪክ ነው ብለው ሲያስተምሩ በራሳቸው ባልደረቦች እንኳ ይነቀፉ የነበሩ ሊቅ ናቸው። በ1934 ሁለቱና ሌሎች ጓደኞቻቸው በዚሁ በዋሽንግተን የኢትዮጵያ ምርምር ጉባኤ የተባለውን ማኅበር አቋቋሙ። ዓላማው ስለ አገራችን እውነተኛ እውቀት ለአሜሪካ ሕዝብ ማዳረስ፣ ባለሙያዎችንም ወደ ኢትዮጵያ ማቅረብ ነበር። ጊዜው የወልወል ግጭት የተነሣበት፣ ሙሶሊኒም ጦሩን ማከማቸት የጀመረበት ነበር። መላኩ በጥር 1935 ገደማ ያነጋገሩት ጆን ሮቢንሰን የተባለ የቺካጎ አውሮፕላን ነጂ በዚያው ዓመት በግንቦት አዲስ አበባ ገባ፤ በኋላም የኢትዮጵያ አየር ኃይል አዛዥ ሆነ። ሊዘምቱ የፈለጉ ጥቁር አሜሪካውያን ብዙ ነበሩ፤ የአገሩ ሕግ ግን ዜጎች በባዕድ ጦር እንዳይሰለፉ ይከለክል ስለ ነበር ቀሩ።

መላኩ በ1935 ተመርቀው ዶክተር ሲሆኑ አልዘገዩም። ያ ክረምት ሳያልፍ ሚስታቸውንና ሕፃን ልጃቸውን ይዘው አገራቸው ገቡ። በአዲስ አበባ በአሜሪካ ሚሲዮን ሆስፒታል ሥራ ጀመሩ፤ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሣም ወደ ኦጋዴን ግንባር ወርደው ቁስለኞችን አከሙ። እንግሊዝኛ ተናጋሪ እንግዶች ሲመጡም ለንጉሠ ነገሥቱ ያስተረጕሙ ነበር። ያ ጦርነት ለሐኪም ምን ዓይነት እንደ ነበረ የሚያውቅ ያውቀዋል። በኅዳር 1928 ዓ.ም. ደሴ ላይ የአሜሪካ ሚሲዮን ሆስፒታል በቦምብ ተመታ፤ በታኅሣሥ ደግሞ በዶሎ አቅራቢያ በመልካ ዲዳ የስዊድን ቀይ መስቀል ድንኳን ከነምልክቱ ተደበደበ። የመርዝ ጋዝ በተረጨባቸው ገበሬዎች ላይ የሚታየውን ቁስል በሐዋርድ ማንም አላስተማራቸውም ነበር። በወንጌል የተነገረለት ሳምራዊ ዘይትና ወይን ነበረው፤ ማደሪያ ቤትም አገኘ። እነዚህ ሐኪሞች ፋሻ እንኳ ያልቁባቸው ነበር።

ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከአዲስ አበባ ሲወጡ ዶክተር መላኩም ስደተኛ ሆኑ። ንጉሡን ተከትለው እንግሊዝ አገር ገቡ። በዚያው በጋ ከኒውዮርክ ሦስት የሐርለም ሰዎች፣ ከእነርሱም አንዱ የቅዱስ ያዕቆብ ፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን መጋቢ ዊልያም ሎይድ ኢምስ ሆነው፣ ወደ ለንደን ተሻግረው በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ቀረቡ። ልመናቸው በአሜሪካ የሚሰበሰበውን እርዳታ የሚያስተባብር አንድ የታመነ ኢትዮጵያዊ እንዲላክላቸው ነበር። የተመረጡት ዶክተር መላኩ ሆኑ፤ በመስከረም 1929 ዓ.ም. ከነቤተ ሰባቸው ኒውዮርክ ደረሱ።

ከመርከብ ወርደው ማደሪያ ሲፈልጉ በአንድ ሆቴል ጥቁር በመሆናቸው ምክንያት እንዳይገቡ ተከለከሉ። የንጉሠ ነገሥት መልእክተኛ መሆናቸው አልጠቀማቸውም፤ እርሳቸውም በዚያ ማዕረግ ልዩ በር እንዲከፈትላቸው አልተከራከሩም። ወደ ሐርለም ሄዱ፤ ሕዝቡም በደስታ ተቀበላቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ሞታቸው ድረስ ኑሯቸው በዚያ ሕዝብ መካከል ሆነ።

ሥራቸው ምን እንደ ነበረ ስንመለከት ለእኛ ለስደተኞች የማይገባን ነገር የለም። ከቤተ ክርስቲያን ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ከከተማ ወደ ከተማ እየተጓዙ ስለ ኢትዮጵያ ይናገራሉ፤ ሳንቲም ይሰበስባሉ፤ ደብዳቤ ይጽፋሉ። ጊዜው ታላቁ የኤኮኖሚ ድቀት ገና ያልለቀቀበት ስለ ነበረ የሚሰጡት ሰዎች ራሳቸው ሥራ ያጡ፣ ሰው ቤት ልብስ የሚያጥቡ፣ በሆቴል በር ላይ የሚቆሙ ነበሩ። በወንጌል የተመሰገነችው መበለት ሁለት ሳንቲም በሐርለምም ብዙ ጊዜ ተሰጥቷል። ገንዘቡ የሚሄደው በኬንያ፣ በሱዳን፣ በግብፅና በሌላም ስፍራ ለተበተኑት ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ነበር። እንግዲህ ዛሬ በዚህ ከተማ የምንኖረው እኛ በስደት የተረዳን የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አይደለንም፤ አያቶቻችን የበሉት እንጀራ በጥቁር አሜሪካዊት አጣቢ እጅ የተሰጠ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

የእርዳታው ማኅበር ግን ብዙ ሳይቆይ በፖለቲካ አሳብ ተከፋፈለ፤ መተማመንም ጠፋ። (ይህ ለስደተኛ ማኅበር እንግዳ ነገር እንዳልሆነ አንባቢዎቻችን ያውቃሉ።) ዶክተር መላኩ በመካከሉ ቆመው ሲነታረኩ ጊዜ አላጠፉም። ነሐሴ 19 ቀን 1929 ዓ.ም. ማለት በ1937 አዲስ ማኅበር መሠረቱ፤ ስሙም የኢትዮጵያ ወርልድ ፌዴሬሽን ተባለ። የኢትዮጵያ ድምፅ የተሰኘ ጋዜጣም በእንግሊዝኛ አሳተሙ። ፌዴሬሽኑ በአሜሪካና በካሪቢያን ደሴቶች ቅርንጫፎች አወጣ። በ1939 ደግሞ ስለ ጥቁር ሕዝቦች ጉዞ የጻፉትን አንዲት መጽሐፍ አሳተሙ። በዚህ ሁሉ መካከል የሕክምና ሙያቸውን ለራሳቸው ሀብት ማግኛ አላደረጉትም፤ በዚያን ዘመን ሐኪም ሆኖ በሐርለም ደህና ኑሮ መኖር ይቻል ነበር።

ሰውነታቸው ግን አልቻለም። በሥራ ብዛት ደከሙ፤ በ1940 በሳንባ ምች ታመሙ። ሚያዝያ 26 ቀን 1932 ዓ.ም. በኒውዮርክ አረፉ። ዕድሜያቸው አርባ ዓመት ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ነጻ በወጣችው አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። አንድ ዓመት ከአንድ ቀን ቢቆዩ ኖሮ ያን ዕለት ያዩት ነበር።

ያስተዋወቋቸው ሰዎች ሥራ ግን ቀጠለ። ሮቢንሰን ከነጻነት በኋላ ተመልሶ ወጣት ኢትዮጵያውያንን አውሮፕላን መንዳት አስተማረ፤ በ1954 በአውሮፕላን አደጋ ሞቶ በአዲስ አበባ በጉለሌ መቃብር ተቀበረ። ሃንስቤሪ በ1964 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ድርጅትን ሽልማት ተቀበሉ። ለፌዴሬሽኑ አባላት ንጉሠ ነገሥቱ በሻሸመኔ አምስት ጋሻ መሬት ሰጡ። ከካሪቢያን ወገኖች ጋር የተፈጠረው ትስስርም እየጠነከረ ሄዶ በ1970 ቤተ ክርስቲያናችን በሕዝቡ ጥያቄ በጃማይካ ተተከለች፤ በሺህ የሚቆጠሩ ነፍሳትም በእርስዋ ተጠመቁ። መላኩ ይህን አላሰቡትም ይሆናል። ነገር ግን ቤተ ክርስቲያን በኋላ የገባችበትን በር ካንኳኩት መካከል አንዱ እርሳቸው ናቸው።

አሁን ወደ ሰፈራችን እንመለስ። ዩ ስትሪት በሚያዝያ 1968 ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደሉ ጊዜ በተነሣው ሁከት ተቃጥሎ ብዙ ዓመት ፈርሶ ኖረ። የምድር ባቡሩ ጣቢያ በ1991 ሲከፈት ሰፈሩ እንደገና መነሣት ጀመረ። ወገኖቻችን የገቡት በዚያን ጊዜ ነው፤ ሰው የሸሸውን ቤት ተከራይተው፣ ሌሊትና ቀን ሠርተው መንገዱን አብርተውታል። ይህ የማይካድ ነው። በ2005 ግን ከዘጠነኛው መንገድና ከዩ ስትሪት አጠገብ ያለው ስፍራ ትንሿ ኢትዮጵያ ተብሎ እንዲሰየም በተጠየቀ ጊዜ የቆዩት ጥቁር ነዋሪዎች ተቃወሙ። አባቶቻቸው በዘር መድልዎ ዘመን የሠሩት ጎዳና በሌላ ሕዝብ ስም እንዳይጠራ ፈሩ። ከእኛ ወገን የተቀየሙ ብዙ ነበሩ፤ ምቀኝነት ነው ያሉም አልታጡም። እኛ ዶክተር መላኩ በዚያ ስብሰባ ቢገኙ የት ይቀመጡ ነበር ብለን አስበናል። በሁለቱም ወገን ዘመድ የነበራቸው እርሳቸው ብቻ ይሆኑ ነበርና። ከዚያ ወዲህ ኪራዩ ከፍ ብሎ የቆዩትንም ጎረቤቶቻችንን የእኛንም ሱቆች አብሮ እየገፋቸው ነው፤ ብዙዎቻችን ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና ወደ አሌክሳንድሪያ ወጥተናል። የተከራከርንበትን ጎዳና ሁለታችንም እያጣነው ነው።

ደብራችን ለጎረቤት ያደረገችው ነገር የለም አንልም። በጥምቀትና በመስቀል ሰልፋችንን ቆመው ያዩ፣ ከሰንበቴው የቀመሱ አሉ። ነገር ግን በደጃችን ያለው ማስታወቂያ በአማርኛ ብቻ የተጻፈ ነው፤ ስብከታችንም እንዲሁ። በየእሑዱ በአጠገባችን የሚያልፉት እናቶች ስለ ኢትዮጵያ የተነገረውን መዝሙር ከእኛ ልጆች ይልቅ በቃላቸው ያውቁታል፤ ቤታችን ግን የማን ቤት እንደ ሆነ አያውቁም። የእኛም ልጆች እነዚህ እናቶች በምን ዓይነት ዋጋ እንደ ረዱን የሚነግራቸው አላገኙም።

ስለዚህ የመጽሔታችን ክፍል ለሰበካ ጉባኤው አንድ ልመና አቅርቧል። በሚመጣው ሚያዝያ 26 ቀን ከቅዳሴ በኋላ የዶክተር መላኩና የወይዘሮ ዶሮቲ ስም፣ ለስደተኛው ኢትዮጵያዊ ሳንቲማቸውን ከሰጡት ከማናውቃቸው ወገኖች ጋር፣ በጸሎት እንዲታወስ ጠይቀናል። ያን ዕለት የአዳራሹ በር በመንገዱ በኩል እንዲከፈት፣ ለጎረቤቶቻችንም በእንግሊዝኛ የተጻፈ የጥሪ ወረቀት በየቤቱ እንዲደርስ አሳስበናል። ወረቀቱን ለማደል የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ፈቃደኞች ናቸው፤ እንጀራና ወጥ ለማዘጋጀት የሚችሉ እናቶች ስማቸውን ለሴቶች ክፍል እንዲሰጡ እንለምናለን።